«ለካ» የሚለው ማን ነው?

ይድረስ ለጋሼ፤

ደሴ የምኖር የሒሳብ መምህርት ነኝ። ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ እስካሁን ያሳተምኩት የለም። አሁን የያዝኩት ታሪክ ሐረግ ስለምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ትልቁን ልጃቸውን ወደ ሳውዲ ለመሸኘት ሲሉ የጋብቻ ወርቃቸውን በድብቅ ሸጠዋል። አባቷ አቶ አሰፋ የልጁን መሄድ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። የሐረግ ታላቅ እህት ሠርግ አንድ ቀን ሲቀረው አባት በሽማግሌዎች ፊት ወርቁ የሚቀመጥበትን ሙዳይ ያስመጣሉ። ሐረግ ሙዳዩ ባዶ መሆኑን ታውቃለች። በመጨረሻ አባት ሙዳዩን ሳይከፍቱ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ወርቁን እኔ ሌላ ቦታ አኑሬዋለሁ፤ ነገ ይደርሳል» ይላሉ። ለካ ሁሉንም ያውቁ ነበር።

በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ሳነበው አንዱ ጓደኛዬ «አንጻርሽ፣ ታሪኩ የሚታይበት ዓይን፣ ይዘባረቃል፤ በ‹እኔ› ጻፊው» አለኝ። ሌላዋ «ሁሉን አወቅ ተራኪ ይሻልሻል፤ ትልልቆቹ ደራሲዎቻችን የጻፉት እንዲያ ነው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሦስቱንም ጠላኋቸው። ሌላም ጭንቀት አለብኝ። ታሪኩ ከእናቴ ሕይወት ጥቂት የተቀዳ ስለሆነ በ«እኔ» ብጽፈው ዘመድ አዝማድ «የቤቷን ጉድ አወጣችው» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል? አንድ አንቀጽ ከዚህ በታች ጽፌያለሁ።

«አባቷ ገባ። አስካለ ልቧ ደነገጠ፤ ወርቁ መሸጡን ካወቀ በሕይወት እንደማያኖራት ታውቃለች። ሐረግ የእናቷን እጅ አየች፤ ይንቀጠቀጣል። አሰፋ ነገሩን ከጠረጠረ ቆይቷል፤ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ሙዳዩን ባነሳው ቁጥር ይቀለዋል። ‹ሙዳዩን አምጪልኝ› አለ።»

አክባሪዎ፣ መምህርቷ ከደሴ

መልስ

መምህርት ሆይ፤

«ጋሼ» ብለሽ ስለጀመርሽ «አንቺ» ብዬ እንድጽፍልሽ ፈቃድ የሰጠሽኝ መስሎኛል። ይህን ያነሳሁት ለወግ ብቻ አይደለም፤ አንተና አንቱ የጥያቄሽ ግማሽ መልስ ስለሆኑ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሁለቱ ወዳጆችሽ ክፋት አስበው እንዳልመከሩሽ ይገባኛል፤ ግን ሁለቱም የሰጡሽ ምክር ስለ ተውላጠ ስም ነው። «አየች» የሚለውን «አየሁ» ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አንቺ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተውላጠ ስም ቀየርሽ እንጂ በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚያይ አንድ ጊዜም አልመረጥሽም። ሦስቱንም ጽሑፎች የጠላሻቸው ለዚህ ነው፤ መጥላትሽንም እንደ ጥሩ ምልክት እወስደዋለሁ።

በትምህርት ቤት አንጻር ሲባል አንደኛ መደብ፣ ሦስተኛ መደብ፣ ሁሉን አወቅ (የሁሉንም ልብ የሚያውቅ)፣ ውስን ሁሉን አወቅ (የአንድ ሰው ልብ ብቻ የሚያውቅ) እየተባለ ይሸነሸናል። ክፍፍሉ ልክ ነው፤ ለፈተናም ይበቃል። ለሚጽፍ ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ጥያቄውንም ራስሽ ሳታስቢው በደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽዋል፦ «ለካ ሁሉንም ያውቁ ነበር።»

እስኪ ይህችን «ለካ» የምትባል ቃል ትንሽ እንያት። «ሙዳዩ ባዶ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም ሊናገረው ይችላል፤ ያየ፣ የሰማ፣ ከሰማይ የሚመለከት ሁሉ። «ለካ ሙዳዩ ባዶ ኖሯል» የሚለውን ግን ከአፍታ በፊት ሙዳዩ ሙሉ ነው ብሎ ያምን የነበረ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ሙዳዩ የሚሉት ያው ነው፤ ስለ ተናጋሪው የሚሉት ግን ሰማይና ምድር ነው። የሚያውቅ ሰው «ለካ» አይልም። ስለዚህ ሁሉን አወቅ ተራኪ በገዛ አፉ «ለካ» ካለ፣ ወይ ዋሽቷል ወይ በአንድ ገጸባሕርይ ዓይን ሆኖ እያየ ነው። «ኖሯል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ግሥ ነው።

አሁን ወደ ቤትሽ ልግባ። በክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሽማግሌዎቹን ለጊዜው እንተዋቸው። አባት «ለካ» ያሉት ባለፈው ፋሲካ ነው፤ ሙዳዩን አንስተው የቀለላቸው ዕለት። ያ አልፏል፤ ከታሪክሽ በፊት የሆነ ነው። የእናትና የሐረግ «ለካ» ግን ገና አልመጣም፤ የሚመጣው ሙዳዩ ሳይከፈት ጭን ላይ ሲቀመጥ ነው። ታሪክሽ ተጠርጎ ሲያበቃ የሚቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ ለካ አባባ ያውቁ ኖሯል። ሠርጉም፣ ሽማግሌዎቹም፣ የሳውዲው ልጅም የተሰበሰቡት ይህን ዓረፍተ ነገር ለመሸከም ነው።

አንቀጽሽን እንደገና አንብቢው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አባቷ» ስለሚል በሐረግ በኩል ነን። ሁለተኛው እናት ልብ ውስጥ ያስገባናል። ሦስተኛው ወደ ሐረግ ይመልሰናል። አራተኛው ደግሞ ዘልሎ አባት ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ «ከጠረጠረ ቆይቷል» ብሎ ይነግረናል። አለቀ። ከዚህ በኋላ አንባቢ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚደነቀው በምንድን ነው? ወይዘሮ አስካለ ወርቃቸውን ሸጡ፤ አንቺ ደግሞ «ለካ»ሽን ሸጥሽ፤ ያውም በርካሽ። የሒሳብ መምህርት ነሽና መልሱ ከየት እንደመጣ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ልማድሽ ይሆናል። ለተማሪ ደግ ነው፤ ለአንባቢ ግን ጭካኔ ነው።

እዚህ ላይ ጓደኛሽ «ታዲያ ትልልቆቹስ ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው ልብ ይመላለሱ የለም ወይ?» ልትል ትችላለች። ትክክል ናት፤ ይመላለሳሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ከማንኩሳ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ድረስ በሁሉን አወቅ ተራኪ የተጻፈ ነው፤ የጌታውንም የሎሌውንም ልብ ያውቃል። ነገር ግን ያንን መጽሐፍ ስታነቢ፣ ወይም እንደ እኔ ትውልድ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ስትሰሚ፣ የሚተርክልሽ አንድ ሰው እንዳለ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይሰማሻል። የሚፈርድ፣ የሚያዝን፣ አንዳንዴም የሚያሾፍ ሰው ነው። ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ኩራዝ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚሄድ የቤት አዛውንት ነው፤ አንባቢም ተከትሎት ይገባል። በአንቺ አንቀጽ ውስጥ ግን ኩራዙን የያዘ ሰው የለም። ብርሃኑ ራሱ ከቦታ ቦታ ይዘላል። ወዳጅሽ «ይዘባረቃል» ያለው ይህን ነው፤ መድኃኒቱን ሳተ እንጂ ሕመሙን አልሳተም።

ከዚሁ መጽሐፍ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ደጋግሜ የምገረምበት ነው። ጉዱ ካሳ ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው። «ጉዱ» የተባለው በአገሬው ዘንድ እንደ እብድ ስለሚቆጠር ነው። ማለት ስሙ ራሱ አንጻር ነው፤ የአገሬው ዓይን ከሰውየው ጋር አብሮ ይዞራል። ተራኪው ይህን ቅጽል ሳይነቅል ሰውየውን ያናግረዋል፤ ሰውየው መናገር ሲጀምር እብዱ ማን እንደሆነ አንባቢ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። አንዲት ቅጽል ስም ሁለት ዓይን ያዘች፤ የአገሬውንና የአንባቢውን።

አሁን ወደ አንቱታው ልመለስ። በደብዳቤሽ ውስጥ «አባት ሙዳዩን ያስመጣሉ» ብለሻል። በአንቀጽሽ ውስጥ ግን «አባቷ ገባ»። ደብዳቤውን የጻፈችው የቤተሰብ ልጅ የሆነችው መምህርት ናት፤ አንቀጹን የጻፈችው «ደራሲ ልሁን» ብላ ወንበሯን ያስተካከለችው ናት። እኔ የመጀመሪያዋን አምናታለሁ።

አማርኛ ተራኪን አጋላጭ ቋንቋ ነው። ገባ፣ ገባች፣ ገቡ ብለን ሳንመርጥ አንድ ግሥ እንኳ ልንጽፍ አንችልም፤ በመረጥን ቁጥር ደግሞ የቆምንበትን ቦታ እንናገራለን። «አቶ አሰፋ ገቡ» ሲባል ከታች ሆኖ የሚያይ፣ የሚያከብር ወይም የሚፈራ ሰው አለ። «አሰፋ ገባ» ሲባል ግን ተራኪው ቢያንስ እኩያቸው ነው፤ የዘመናችን የታሪክ ጸሐፊ ንጉሡን ሳይቀር «ዘመተ» እንደሚለው ከላይ ሆኖ ያያል። አንዳንድ የዛሬ ጸሐፊዎች አንቱታን ሁሉ ጠርገው የሚጥሉት ገለልተኛ ለመምሰል ነው። ገለልተኛ የሚባል ቦታ ግን የለም፤ አንቱታን መጣልም አንድ ቦታ መቆም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪ መሸሻን አንቱታቸውን ሳያጓድሉ ነው ትዕቢታቸውን ገላልጠው የሚያሳዩን፤ ሳቁ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ታሪክሽ በሐረግ ዓይን ከሆነ፣ አባትን አንቱ በምትል ልጅ ዓይን ከሆነ፣ «ገባ» ማለት አትችዪም። «ገቡ» ነው። አንዲት ፊደል ቀየርሽ ማለት ነው፤ ክፍሉ ግን በልጅቷ ቁመት ልክ ዝቅ ይላል፤ በሩም ይተልቃል።

(በነገራችን ላይ «ገቡ» ሌላም ጠባይ አለው፤ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ ሴት ይሁኑ ወንድ አይናገርም። ምሥጢር መያዝ ለሚፈልግ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ግሥ ሀብት ነው። «እኔ»ም እንዲሁ ጾታውን ይደብቃል፤ «መጣሁ» የሚለው ወንድ ይሁን ሴት በምን ይታወቃል? «አንተ» እና «አንቺ» ግን አይደብቁም። ለዚህ ነው ሁለተኛ መደብ ትረካ በአማርኛ ሲሞከር ገና በመጀመሪያው ግሥ ግማሹን አንባቢ ከደጅ የሚያስቀረው። ልትሞክሪው ካሰብሽ ለአጭር ነገር ይሁን።)

ቀጥሎ ስለ ልብ ውስጥ ድምፅ። እዚህ ላይ አማርኛ በብዙ ቋንቋዎች የሌለ ስጦታ ሰጥቶሻል። «አሰፋ እገድላታለሁ አለ» ስንል የሚዝተው ማን ነው? ትዕምርተ ጥቅስ ባይኖርም ማንም ኢትዮጵያዊ አይሳሳትም፤ ዛቹ አሰፋ ነው፤ ተራኪው አይደለም። የቋንቋ ተመራማሪዎች ይህን የአማርኛ ጠባይ ደጋግመው ያነሱታል፤ በእንግሊዝኛ የተናጋሪው «እኔ» ያለ ጥቅስ ምልክት ወደ ሌላ ሰው አይዞርምና። የእኛ ሦስተኛ መደብ ግን በሆዱ ውስጥ «እኔ»ን ይዞ ይዞራል። «ሐረግ ምን ልሁን አለች በልቧ።» ይኸው፤ ከልጅቷ ሳንርቅ፣ «እኔ» ብለንም ሳንተርክ፣ ልቧ ውስጥ ገባን። ጓደኛሽ «በእኔ ጻፊው» ያለሽ ለሙቀት ከሆነ ሙቀቱ እዚህም አለ።

አንድ እርምጃ ልሂድ። «አለች በልቧ» የሚለውን አውጪው። «ሐረግ ወደ ሙዳዩ አየች። አሁን አባባ ቢከፍቱትስ?» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ማን ተናገረው? ተራኪው «አባባ» አይልም፤ ልጅቷ ናት። ግን «አለች» የሚል የለም፤ ሁለቱ ድምፆች ተቀላቅለዋል። ይህን ቅልቅል ፈረንሳዊው ጉስታቭ ፍሎቤር በማዳም ቦቫሪ እስከ ጥግ ወሰደውና ፍርድ ቤት አስቆመው። እ.ኤ.አ. በ1857 መጀመሪያ የሕዝብና የሃይማኖት ሥነ ምግባር ደፍረሃል ተብሎ ፓሪስ ውስጥ ሲከሰስ፣ የዓቃቤ ሕጉ የኤርነስት ፒናር አንዱ እሮሮ በመጽሐፉ ውስጥ ዋናዋን ገጸባሕርይ፣ ያቺን አመንዝራ ሴት፣ የሚኮንን አንድ ሰው እንኳ የለም የሚል ነበር። ልቧ በደስታ ሲዘል የሚነበበውን ቃል ደራሲው ራሱ ያመሰገነው አስመስሎ ወሰደው። «ብላ አሰበች» የሚለው ስለሌለ የእርሷን ሐሳብ ከደራሲው አፍ የወጣ አደረገው። ፍሎቤር በነጻ ተለቀቀ። የዓቃቤ ሕጉ ጭንቀት ግን የማይረባ አልነበረም፤ በዚህ ዓይነት አጻጻፍ ውስጥ የሚፈርድልን ሰው ስለማይኖር ፍርዱ በእኛ ላይ ይወድቃል። (ያው መጽሐፍ ሲጀምር «እኛ» በሚል የክፍል ጓደኛ ይተረካል፤ ከጥቂት ገጾች በኋላ «እኛ» ይጠፋል፤ ተመልሶም አይመጣም። ትልልቆቹ እንዲህ ያደርጋሉ። አንቺ ገና አታድርጊው።)

ይህን ሁሉ ይዘን አንቀጽሽን በሐረግ በኩል ልሞክረው። ደራሲ አይደለሁምና አትሳቂብኝ፦

«አባቷ ገቡ። ሐረግ ዓይኗን ከእናቷ እጅ ላይ መንቀል አቃታት። ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ። አባባ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ወደ ሳጥኑ አላዩም፤ ወደ ሽማግሌዎቹም አላዩም፤ እማማን አዩ። ብዙ አዩዋቸው። አሁን ቢጠይቁስ? ‹ሙዳዩን አምጪልኝ› አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ለስልሷል። ሰው ሊመታ ሲል ድምፁ እንዲህ ይለሰልሳል፤ ሐረግ የየኔታን ቤት ታውቃለች።»

ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። «አባቷ» እና «እናቷ» ብዬ ከውጭ ጀመርኩ፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በኋላ «አባባ» እና «እማማ» ብዬ ወደ ልጅቷ ገባሁ፤ አንባቢ በሩን ሳያይ ገብቷል። የአባትን ልብ አልነካሁም። ግን የለሰለሰውን ድምፅ ሰጠሁሽ፤ ያንን ድምፅ ሐረግ በስህተት ተረጎመችው፤ አንባቢም ከእርሷ ጋር ይሳሳታል። ሙዳዩ ሳይከፈት ሲቀር ያ ድምፅ ምን እንደነበረ ሁለቱም አንድ ላይ ይረዳሉ። አየሽ፣ ውስን አንጻር የሚባለው እውቀትን መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ለመሳሳት ቦታ መስጠት ነው። የማይሳሳት ዓይን ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም።

በእናትስ በኩል ቢሆን? አስቤበታለሁ። ፍርሃታቸው ይበልጣል፤ «ለካ»ውም የእርሳቸው ነው። ነገር ግን በእርሳቸው ልብ ውስጥ ከገባን ወርቁን ለምን እንደሸጡ፣ ልጁ ከየት እንደደወለ ወይም እንዳልደወለ፣ ይህንን ሁሉ ማስረዳት ግድ ይሆናል። ሐረግ ግማሹን ብቻ ስለምታውቅ ያልሽውን ሳትጨርሺ ማለፍ ትችያለሽ። ለአጭር ልብ ወለድ ይህ ትልቅ ቅናሽ ነው።

ሦስቱም በየተራ ቢናገሩስ ብለሽ እንዳታስቢ። ጃፓናዊው አኩታጋዋ እ.ኤ.አ. በ1922 አንድ ግድያ በሰባት ሰው ምስክርነት የተረከበት አጭር ታሪክ አለው፤ ከሰባቱ አንዱ ሟቹ ራሱ ነው፤ በጠንቋይ አፍ ይናገራል። እዚያ ግን ጉዳዩ እውነቱ የማይያዝ መሆኑ ነው። በአንቺ ታሪክ ውስጥ እውነቱ አንድ ነው፤ ወርቁ ተሽጧል፤ የሚያከራክር ነገር የለም። መጠየቂያው ማን መቼ አወቀ የሚለው ብቻ ነው። ለዚህ ሰባት አፍ አያስፈልግም።

ወደ «እኔ» ልምጣ፤ ወዳጅሽንም እንዳላስቀይመው። በ«እኔ» መጻፍ ይቻላል፤ ግን «እኔ» አንድ ሰው እንዳልሆነ እወቂ። «ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የአባባ ድምፅ ሲለሰልስ ቁጣ ነው ብዬ አምን ነበር።» እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሐረጎች አሉ፤ ያኔ የፈራችው ልጅ እና ዛሬ የምታስታውሰው ትልቅ ሴት። ትልቋ መጨረሻውን ታውቃለች። «ብዬ አምን ነበር» ስትል ደግሞ እምነቷ ስህተት እንደነበር አፏ አመለጣት፤ ነቃ ያለ አንባቢ «አሃ» ይላል። ይህንን ማስታወስ ራሱ ጉዳይ የሆነባቸው ታሪኮች አሉ፤ ለእነርሱ ተመራጭ ነው። ያንቺ ታሪክ ግን የዚያች ምሽት ነው። ስለዚህ ለእኔ ሦስተኛ መደብ፣ ከሐረግ ሳይርቅ፣ በአንቱታ። ምክሬ ይህ ነው።

የዘመድ አዝማዱ ነገር። ፍርሃትሽን አልንቀውም፤ በአገራችን «እኔ» ብሎ መጻፍ አንዳንዴ ከሐሜት የከፋ ነገር አምጥቷል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ የተባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትም ታሪኩን የሚተርከው ፀጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ ነበር፤ «እኔ» እያለ ይናገራል። በዓሉ ራሱ ጋዜጠኛ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ባለሥልጣን፣ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜም አስመራ የነበረ ሰው ስለሆነ በሁለቱ መካከል ክፍተት ያየ አንባቢ ጥቂት ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መደቡን ቢቀይር ይድን ነበር አልልም። ያ መጽሐፍ የያዘው ጉዳይ በየትኛውም መደብ ያው ነበር።

የማነሳው ለተቃራኒው ነው። ያው በዓሉ በ1972 ዓ.ም. ያሳተመው ደራሲው የሚባለው ልብ ወለድ «እኔ» አይልም፤ ስለ ሲራክ ነው የሚተርከው። አንባቢ ግን ሲራክን አንብቦ ሳይጨርስ «ይህ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ነው» አለ፤ እስከ ዛሬም ይላል። «እሱ» ማለት ማንንም አልደበቀም። የአንቺም ዘመዶች የሚያዩት ተውላጠ ስምሽን አይደለም፤ ወርቁን ነው የሚያዩት። የእናትሽን ታሪክ የሚያስታውቀው ልጁ ሳውዲ መሄዱ፣ ሠርጉ፣ የቤቱ አቀማመጥ ነው። ልትሸፍኚ ከፈለግሽ እዚያ ላይ ሸፍኚ፤ የልጆቹን ቁጥር ቀይሪ፤ ከተማውን ወደ ሌላ ውሰጂ፤ ሠርጉን ለክርስትና ብታደርጊውም ወርቅ ይጠየቃል። አንጻሩን ግን ለታሪኩ ስትይ ምረጪው እንጂ ለአክስትሽ ስትይ አትምረጪው።

አንድ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የጋዜጣ ገጽ አዘጋጅ ሳለሁ አንድ ወጣት ስለ ሽማግሌ ዘበኛ የጻፈውን ታሪክ አመጣልኝ። በሦስተኛ መደብ፣ ከሩቅ፣ በቀዝቃዛ ዓይን የተጻፈ ነበር፤ ዘበኛውም ቀዝቃዛ ሰው ነበር። እኔ ግን ጎልማሳ ነበርኩና ሁሉን የማውቅ መስሎኝ «በእኔ ጻፈው፤ ይሞቃል» አልኩት። ጽፎ አመጣው። ዘበኛው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ስለ ራሱ ያለቅስ ነበር። አሳተምኩት። ልጁ ሌላ ታሪክ ይዞ ተመልሶ አልመጣም። ያ ዝምተኛ ዘበኛ የሚያስደንቀው ስለ ራሱ ምንም የማይናገር በመሆኑ ነበር፤ እኔ አንደበት ሰጥቼ ገደልኩት። ከዚያ ወዲህ «በእኔ ጻፊው» የሚል ምክር ስሰማ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

በተግባር የምታደርጊው ይህ ነው። ጽሑፍሽን በወረቀት አትሚው። ሦስት ባለቀለም እርሳስ ያዢ፤ ለሐረግ አረንጓዴ፣ ለእናት ቀይ፣ ለአባት ሰማያዊ። «አወቀ፣ ፈራች፣ አሰበ፣ ጠረጠረ፣ ተመኘች» የሚሉትን ግሦች እየፈለግሽ በባለቤታቸው ቀለም አስምሪባቸው። ሰማያዊውን ሁሉ ሰርዢ፤ አንዱንም አትማሪው። ከቀዩ ደግሞ ሐረግ በዓይኗ ልታየው ወይም በጆሮዋ ልትሰማው ወደምትችለው ነገር ቀይሪ፤ «ልቧ ደነገጠ» የነበረው የሚንኳኳ ሲኒ ይሆናል። «አባቷ»፣ «አባባ»፣ «አሰፋ» የሚሉትን ስሞች ለብቻ ቁጠሪያቸው፤ «አሰፋ» ብቻውን አንድ ጊዜም መታየት የለበትም። የሒሳብ መምህርት ስለሆንሽ ይህ ሥራ የሚያስደስትሽ ይመስለኛል።

እናትሽ በሕይወት ካሉ፣ ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አሉ፣ ሳታሳትሚው በፊት አንብቢላቸው። ማስፈቀድሽ ተገቢ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቡና እየተፈላ ስታነቢላቸው ሥራቸውን ያቆሙበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፤ እዚያ ላይ ምንም አትንኪ። አባትሽ ቤት ውስጥ ካሉ ግን መጀመሪያ በሩን ዝጊ።

በአንቀጽሽ ውስጥ ሌላ የማርመው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በሕይወት እንደማያኖራት» የሚለውን አውጪው፤ እነዚህ አባት እንዲህ ያለ ሰው እንዳልሆኑ ራስሽ ታውቂያለሽ፤ ሐረግም ብትሆን ፈርታ ነው እንጂ አታምነውም። ሲስተካከል ላኪልኝ፤ አድራሻው ያው ነው።